ለላይቭ የቱን ልግዛ፦ ትልቅ ፓኬጅ፣ የቤት ራውተር ወይስ ማይክሮቲክ?

ጥምቀት ሲቃረብም ሆነ የሠርግ ወቅት ሲገባ ጎንደር ውስጥ ካሜራ የያዘ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ላይቩ እንዳይቆራረጥ ምን ልግዛ?» መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ማይክሮቲክ ሄክስ ግዙ፤ ፍጥነቱን ለእያንዳንዱ መሣሪያ ከፋፍሎ መገደብ የሚችል ራውተር ነው። የኢንተርኔት ፓኬጅ ማሳደግ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

ላይቭ የሚጠቀመው አፕሎዱን፣ ማለትም ከእናንተ ወደ ኢንተርኔት የሚላከውን ፍጥነት ነው፤ ያም ቢሆን ብዙ አይፈልግም። ለ720ፒ የምስል ጥራት ከ3 እስከ 4 ሜጋ ቢት በሰከንድ፣ ለ1080ፒ 6 ገደማ ይበቃል። የሚያቆራርጠው የእንግዳው ስልክ ነው። ዋይፋይ እንዳገኘ ፎቶና ቪዲዮውን ወደ ጉግል ፎቶስ መጫን ይጀምርና አፕሎዱን እስከ ጫፍ ይሞላዋል። ፓኬጅ ብታሳድጉ የጨመራችሁትን ያው ስልክ ይወስደዋል፤ ክፍያው ግን በየወሩ ነው። ራውተር አንዴ ተገዝቶ ያበቃል።

ስለ ዋጋው እንነጋገር። የሄክስ የፋብሪካ ዋጋ 60 ዶላር አካባቢ ነው። ሐምሌ 2016 ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ስላለፈ፣ የዱሮ ዋጋ እየጠቀሱ ጎንደር ፒያሳ ላይ መከራከር ድካም ነው። የዕለቱን የባንክ ተመን በ60 አባዙ፣ ቀረጥና ትራንስፖርት ጨምሩ። የተጠራላችሁ የዚያ እጥፍ ከሆነ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው አስመጡ። ከስሌቱ በታች ከሆነ ደግሞ ጠርጥሩ፤ ያገለገለ ይሆናል፣ አለዚያም «ሄክስ ላይት» ነው። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ የላይቱ ፖርቶች ግን 100 ሜጋ ቢት ብቻ ናቸው። ካርቶኑን ብቻ አትመኑ፣ ከመሣሪያው ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ያገለገለ ከሆነ ሻጩ ፊት የሪሴቱን ቁልፍ ተጭናችሁ ኤሌክትሪክ ስጡት፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ልቀቁ። በራሱ ካልተነሳ ተዉት።

ርካሹ የቤት ራውተር፣ የቲፒ-ሊንክ ደብሊውአር 840ኤንም በአይፒ አድራሻ ፍጥነት ይገድባል። አምስት ስድስት ሰው ላለበት ቢሮ ይሆናል፤ ለአዳራሽ ግን አልመክረውም። አዳፕተሩ ከ9 ቮልት አይበልጥም፤ እሱ ሲቃጠል ያገኙትን ባለ12 ቮልት የሚሰኩበት ሰዎች ራውተሩን ሊያጡ ይችላሉ። ሄክስ (አርቢ750ጂአር3 የተባለው ሞዴል) ከ8 እስከ 30 ቮልት ስለሚቀበል መብራት ሲጠፋ በቀጥታ ከ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል። ለእኔ ይህ ብቻውን የዋጋውን ልዩነት ይከፍላል።

«ኪውኦኤስ ያለው ስዊች» (አንዱን ትራፊክ ከሌላው የሚያስቀድም የኬብል ማከፋፈያ) ለዚህ ችግር አትግዙ። መስመሩ የሚጨናነቀው ከሞደሙ በኋላ ስለሆነ ስዊቹ የሚያስቀድመው ወረፋ የለም። ካሜራዎቹ ቪዲዮውን በኔትወርክ ኬብል በሚልከው ሙሉ ኤንዲአይ የሚገናኙ ከሆነ ግን ጊጋ ቢት ስዊች ግድ ነው፤ አንድ የ1080ፒ60 ካሜራ ብቻውን ከ100 ሜጋ ቢት ያልፋል።

ሄክሱን ስታስተካክሉ መጀመሪያ ዝግጅቱ በሚደረግበት ሰዓት አፕሎዱን ለኩ። 8 ሜጋ ቢት ከወጣ በሲምፕል ኪዩ (ሄክሱ ላይ የፍጥነት ገደብ በሚወጣበት ገጽ) ለመላው ኔትወርክ የአፕሎድ ማክስ-ሊሚቱን፣ ማለትም ጣሪያውን፣ 7 አድርጉ። ወረፋው ሞደሙ ውስጥ ሳይሆን ሄክሱ ላይ እንዲያዝ የምትተዉት ያ አንድ ሜጋ ቢት ነው። በዚያ ሥር ሁለት ኪዩ ፍጠሩ። ለላይቩ ኮምፒውተር ሊሚት-አት (የተጠበቀለት ፍጥነት) 5፣ ማክስ 7፣ ፕራዮሪቲ (ቅድሚያ፤ 1 ከሁሉ ይቀድማል) 1። ለእንግዶች ሊሚት-አት 1፣ ማክስ 2፣ ፕራዮሪቲ 8። ሁለቱ እናታቸውን ኪዩ በፓረንት ካልያዙ ፕራዮሪቲው አይሠራም። የኮምፒውተሩ አይፒ እንዳይቀየር ሄክሱ አድራሻውን የሰጠበትን ሊዝ ስታቲክ (ቋሚ) አድርጉት። ላይቩን በሚልከው ፕሮግራም በኦቢኤስ ላይ ሲቢአር (የማይለዋወጥ ፍጥነት)፣ 3500 ኪሎ ቢት፣ ኪፍሬም (ሙሉ ምስል) በየ2 ሰከንዱ አድርጉ።

«ገደቡ አይሠራም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የሄክሱ ፋይርዎል (የትራፊክ ማጣሪያው) ላይ ያለው የፋስትትራክ ደንብ ነው፤ ትራፊኩን ከኪዩው ውጪ በአቋራጭ ስለሚልከው መጥፋት አለበት። ሁለተኛው የሞደሙ የራሱ ዋይፋይ ነው። እሱ ክፍት ከሆነ እንግዳው በሄክሱ በኩል ሳያልፍ ይወጣል። ዝጉትና ዋይፋዩን ከሄክሱ ጋር በተያያዘ አክሰስ ፖይንት (የዋይፋይ ማሰራጫ) ስጡ።

ከተረፋችሁ ገንዘብ ለኬብል አውሉት። «ካት 6» ተብሎ ከሚሸጠው የኔትወርክ ኬብል ብዙው መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ሽቦውን በምላጭ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሱት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል። በኬብሉ ውስጥ ካሉት አራት ጥንድ ሽቦዎች ሰማያዊው ወይም ቡናማው ሲበጠስ ግንኙነቱ አይጠፋም፤ ከጊጋ ቢት ወደ 100 ይወርዳል። ስለዚህ ዝግጅቱ ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱን ፖርት ፍጥነት ሄክሱ በሚስተካከልበት የኮምፒውተር ፕሮግራም በዊንቦክስ ተመልከቱ።