ሞትን ቁም ነገር ያደረጉ አራት ጌሞች፦ የቱን ልግዛ?

በብዙ ጌሞች ሞታችሁ ወዲያው ትነሳላችሁ። እነዚህ አራቱ ግን የሞተውን አይመልሱም። አራቱም ጥሩ ናቸው፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰውና ጥሩ ታሪክ የሚፈልግ ሰው ግን አንድ ዓይነት ጌም ባይገዙ ይሻላል።

ለብዙ ሰው የምመርጠው ስፒሪትፌረርን ነው፤ በፈረንጆች 2020 የወጣ። ስቴላ የምትባል ልጅ ሆናችሁ፣ ከድመቷ ጋር በመርከብ የሞቱ ሰዎችን ነፍስ ትሸኛላችሁ። የሚወዱትን ታበስሉላቸዋላችሁ፣ ቤት ትሠሩላቸዋላችሁ፣ ሲከፋቸው ታቅፏቸዋላችሁ። ማቀፉ መጀመሪያ ቀልድ ይመስላል፤ በኋላ ሳታስቡት ትለምዱታላችሁ። አንጀቴን የበላችው አሊስ ናት፣ በጃርት መልክ የምትታየው አሮጊት። እያደር መርሳት ትጀምርና ስቴላን ከልጇ ጋር ታምታታለች። ወደ መጨረሻው በር ስትሸኟት ቤቷ መርከቡ ላይ ይቀራል። ማፍረስ አይቻልም። ቦታ እንደያዘባችሁ፣ በደጁ እያለፋችሁ ትጫወታላችሁ። እርም የማውጣትን ነገር እንዲህ ያሳየኝ ሌላ ጌም የለም።

ጉድለቱ ርዝመቱ ነው። 30 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ እንጨት መቁረጥ፣ ማዕድን መልቀም፣ አትክልት ማጠጣት ይበዛበታል። ለአንዳንዱ ይሄ እረፍት ነው፣ ለሌላው አሰልቺ። ሁለት ሆናችሁ መጫወትም ትችላላችሁ፤ ሁለተኛው ሰው ድመቷን ይይዛል።

ጊዜ ለሌለው ዋት ሪሜይንስ ኦፍ ኢዲዝ ፊንች (2017) ይሻላል። በሁለት ሦስት ሰዓት ያልቃል። እዚህ ማንንም ተንከባክባችሁ አትሸኙም፤ ሁሉም ቀድመው ሄደዋል። ኢዲዝ ወደ ድሮ ቤታቸው ተመልሳ በየክፍሉ ትገባለች፤ ዘመዶቿ እንዴት እንደሞቱ እናንተው ትጫወቱታላችሁ። ወንድሟ ሉዊስ የሚሠራው ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ነው። በአንድ እጃችሁ ዓሣውን ስባችሁ አንገቱን ትቆርጣላችሁ፣ በሌላው በሐሳቡ የፈጠረውን አገር ትዞራላችሁ። ሕልሙ እየሰፋ ስክሪኑን ይሞላዋል፤ ዓሣ የሚቆርጠው እጅ ግን ሥራውን አያቆምም። ለዚህች ክፍል ስትሉ ብቻ በኮንትሮለር ተጫወቱት። በ2018 የባፍታን (የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ) የምርጥ ጌም ሽልማት ወስዷል፣ ይገባዋልም። ብቻ ከመግዛታችሁ በፊት እወቁት፦ የሕፃናት ሞት አለበት፣ ራስን ማጥፋትም አለበት።

እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰው ግሪስን (2018) ይግዛ። ሌሎቹ በአማርኛ አይገኙም፣ ንባባቸውም ብዙ ነው። ግሪስ ንግግር የለውም። ቀለም በጠፋበት ዓለም ሐዘን የጎዳት አንዲት ልጅ ትሄዳለች፣ ቀለሞቹ ተራ በተራ ይመለሳሉ። ሥዕሉ ያፈዛል። ተሸንፋችሁ የምትሞቱበት ቦታም የለም። ታሪኩ ግን ድፍን ነው፤ ግልጽ ነገር የሚወድ ሊበሳጭ ይችላል።

ዛት ድራገን ካንሰርን (2016) ለማንም እንዲሁ ግዙ አልልም። ራያንና ኤሚ ግሪን የልጃቸውን የጆኤልን የካንሰር ሕመም ነው ጌም ያደረጉት። ጆኤል በ2014 በ5 ዓመቱ ዐረፈ። አንድ ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ ሕፃኑ ያለቅሳል። አባትየው ያቅፈዋል፣ ጭማቂ ይሰጠዋል፣ ያባብለዋል። ምን ብትጫኑ ዝም አይልም። ጸሎትና እምነት በሰፊው ስላለበት አማኝ ሰው ይበልጥ ይቀርበዋል። ጨዋታነቱ ጥቂት ነው፣ ሁለት ሰዓት ገደማ። ልጅ ላጣ ወዳጃችሁ ግን በስጦታ አትላኩለት፤ ምን እንደሆነ ንገሩትና ከፈለገ ራሱ ይግዛው።