ከካሜራው ጀርባ የቀረችው ሚስት

ስለ ፊልም አሠራር ከተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች አንዱን ብቻ ምረጪ ብትሉኝ፣ ሳላመነታ «ኸርትስ ኦፍ ዳርክነስ» እላለሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ1991 የወጣ ነው። ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ የቬትናም ጦርነት ፊልሙን «አፖካሊፕስ ናው»ን ፊሊፒንስ ውስጥ ሲሠራ ያየውን ፍዳ ያሳያል። አውሎ ነፋስ ለቀረጻ የተሠራውን ያፈራርሰዋል። የአገሪቱ ጦር ያከራያቸውን ሄሊኮፕተሮች አማፂ ለመውጋት ከቀረጻ መሃል ይጠራቸዋል።

ልቤን የያዘው ግን የዋናው ተዋናይ የማርቲን ሺን የሆቴል ክፍል ትዕይንት ቀረጻ ነው። ዕለቱ 36ኛ ልደቱ ነበር። የምር ሰክሯል። መስታወቱን በቡጢ ይለዋል፤ እጁ ይደማል። ካሜራው ግን አይቆምም፤ ቀጥሉ ያለው ራሱ ሺን ነው። ዋናውን ፊልም ስንቴ አይቼ፣ ያ ደም ቀለም ይመስለኝ ነበር!

የቀረጻውን ቦታ ምስል ያነሳችው የኮፖላ ሚስት ኤሌኖር ናት። ፊልሙ መጥፎ ሊሆን ነው ብሎ ሲጨነቅ፣ እሱ ሳያውቅ ድምፁን ቀድታዋለች። ያንን ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይባባል። የተዋናዩ የማርሎን ብራንዶ ክፍል ብቻ ትንሽ አጠረብኝ።

ዋናውን ያላያችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ። በማግስቱ ይህን። 96 ደቂቃ ነው።