ዘጌን በአንድ ቀን፦ ከነፋሱ በፊት ደርሶ መመለስ

ከባሕር ዳር በጀልባ ጣና ሐይቅ ውስጥ ወደ ገባው ልሳነ ምድር፣ ወደ ዘጌ፣ ደርሶ ለመመለስ አንድ ቀን በቂ ነው። ቀኑን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ማርፈድ ነው። ጣና ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ አያስፈራም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ጧት ረግቶ ተኝቶ፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ወዲያው ጀልባ የሚያንገጫግጭ ማዕበል ያወጣል። ስለዚህ ከ1፡00 እስከ 1፡30 ከወደብ መነሣት፣ 7 ሰዓት ሳይሞላም ለመመለስ መሳፈር ነው። መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ሞተሩ ደካማ ከሆነ ከዚያም ያልፋል።

የግል ጀልባ ኪራይ በአብዛኛው በጀልባው ነው እንጂ በሰው አይደለም፤ አምስት ስድስት ሆኖ መሄድ ያዋጣል። ገንዘብ ከመስጠት በፊት የሚሄዱባቸውን ገዳማት በስም፣ ባለጀልባው የሚጠብቅበትን ሰዓትና ነዳጁ ሒሳቡ ውስጥ መኖሩን ማስረገጥ ያስፈልጋል። «ሁለት ሰዓት ይበቃችኋል» ቢል አይስማሙ፤ የዘጌዎቹ ገዳማት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ብቻ ሦስት ሰዓት ይፈልጋሉ። የሕይወት አድን ጃኬቱንም «ከወንበሩ ሥር አለ» ሲባል አውጥቶ ማየት ነው። ቁጥሩ ሞልቶ ማሰሪያው የተበጠሰ ሊሆን ይችላል።

የደሴት ገዳሙን ክብራን ገብርኤልን በጉዞው ውስጥ አስገብተው የሚሸጡ አሉ። ሴት አይገባበትም። ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ውኃው ላይ ከሚሰማ አጠገቡ ባለው እንጦስ ኢየሱስ ቢያስቀይር ይሻላል።

ከዘጌ ወደብ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። ድንጋዩ ከዝናብ በኋላ ያንሸራትታል፤ ክፍት ጫማ አይሆንም። ዋናው የሚታየው ሥዕል ያለው ግን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነው፣ አስጎብኚዎች ደግሞ በዐሥር ደቂቃ አዙረው ያስወጣሉ። አይቸኩሉ። ቤቱ ክብ ሆኖ ሦስት ክፍል አለው፤ ሥዕሉ ያለው በመሃሉ መቅደስ አራት ግድግዳ ላይ ነው። ቀለሙ የተቀባው በቀጥታ ጭቃው ላይ ሳይሆን ጭቃው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው። ጠጋ ብሎ በጎን ላየው ጨርቅና ጨርቅ የተጋጠመበት መስመርና የተላቀቀው ጠርዝ ይታያል። ለዚህም ነው በክርን መደገፍና በእጅ መንካት የሚያጠፋው፤ ከጣሪያ የሚወርድ ውኃም ጨርቁን ያስለቅቀዋል።

በላዔ ሰብን ፈልገው ያግኙ። 78 ነፍስ በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ድውይ ባጠጣት ጥርኝ ውኃ የዳነው ሰው ነው፤ ታሪኩ የኪዳነ ምሕረት ስለሆነ እዚህ ቦታው ነው። ሌላም ምልክት አለ፦ ጻድቅ በሙሉ ፊት ሁለት ዓይኑ እየታየ፣ ክፉ ሰው በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። ይህን የያዘ ሰው ያለ አስጎብኚም ግማሹን ግድግዳ ያነባል። ውስጡ ጨለም ስለሚል ትንሽ ባትሪ ይያዙ፤ የፎቶ ብልጭታ ግን ያጥፉ።

ቀን መምረጥም አለ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ቅዳሴ የሚገባው ቀትር አካባቢ ስለሆነ አርፍዶ የደረሰ ጎብኚ ደጅ ይቀራል። ሰኞ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ጧት ይቀላል። የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል፣ ለማኅሌት ለሚሄድ ሌላ ነው፤ ሥዕል ለማየት ግን ሰዉ አያስጠጋም። ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ያስፈልጋል። ካልሲም ይደርቡ፦ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አለ፣ መደበቅ አያስፈልግም።

አዝዋ ማርያም ከወደቡ ይቀርባል፤ ሲመለሱ ቢገቡበት ጥሩ ነው። በየገዳሙ ለብቻው ይከፈላል፣ ስለዚህ ዝርዝር ብር ይያዙ። ምግብ ከባሕር ዳር ይሰንቁ።

ዘጌ የማይታረስ፣ ከብት የማይረባበት ምድር ነው። ነገሩ የዘጌ ገዳም መሥራች ከሚባሉት ጻድቅ ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል እንደመጣ ይነገራል፣ ሕዝቡም በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ኖሯል። ጫካው የተረፈው በዚህ ነው፤ ቡናውም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። መንገድ ላይ ሲሸጥ ግን በዓይን ብቻ አይግዙ። ባዶ መሬት ላይ የተሰጣ ቡና የአፈር ሽታ ይይዛል፣ በደንብ ሳይደርቅ የታጨቀም ይሻግታል። እፍኝ ወስደው ያሽቱ፤ አንዱን ፍሬ በጥርስ ይንከሱት። ጥርስ ከገባበት አልደረቀም፣ ቤት ሳይደርስ ይበላሻል። የደረቀው ጠንክሮ ይመልሳል፤ ኪሎውን ከዚያ ያስመዝኑ።