በዛፍ ላይ የተጀመረ ሆቴል፦ ትሪቶፕስ በአበርዴር ጫካ

ከናይሮቢ ወደ ሰሜን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኒዬሪ ከተማ የደረሰ የትሪቶፕስ እንግዳ በቀጥታ ወደ ጫካው አይገባም ነበር። በመጀመሪያ የሚያርፈው አውትስፓን በተባለው እናት ሆቴል ነው፤ እዚያ ምሳውን በልቶ፣ ትልልቅ ሻንጣዎቹን አስቀምጦ፣ ለአንድ ሌሊት የሚበቃውን ብቻ በትንሽ ቦርሳ ይዞ በሆቴሉ አውቶቡስ ወደ አበርዴር ብሔራዊ ፓርክ ይሻገራል። እኔም የኮሮና ወረርሽኝ ጎብኚ አጥፍቶ ማረፊያው በ2021 ሊዘጋ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት የሄድሁት በዚሁ ሥርዓት ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሥታት ያደሩበት ቤት ሲባል ሰፊ አልጋና የእብነ በረድ መታጠቢያ የሚጠብቅ ሰው እዚህ ግራ ይጋባል። ክፍሎቹ የባቡር መኝታ የሚያስታውሱ ጠባብ ናቸው፤ መተላለፊያው ሲረገጥ ይንቋቋል። ይህን ግን እንደ ጉድለት አልቆጠርሁትም፤ ምክንያቱም ትሪቶፕስ ከጅምሩ የሸጠው እንቅልፍ ሳይሆን እንቅልፍ ማጣትን ነው። እንግዳው በረንዳ ላይ ወይም በመስተዋቱ ጀርባ ተቀምጦ፣ ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚበራበትን ኩሬ እያየ፣ ጨው ሊልሱ የሚመጡትን ዝሆኖችና ጎሾች፣ እንዲሁም ጅቦችን ይጠብቃል። ልተኛ ያለም እንደሆነ፣ ትልቅ አውሬ በመጣ ቁጥር በየክፍሉ የሚጮኽ ደወል አለ።

ይህን ሐሳብ የፈጠሩት የአውትስፓን ባለቤቶች ኤሪክ ሼርብሩክ ዎከርና ባለቤቱ ሌዲ ቤቲ ናቸው። ዎከር በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ያበረረ፣ በኋላም አሜሪካ መጠጥ በከለከለችበት ዘመን ውስኪ በኮንትሮባንድ ወደዚያ ያስገባ ሰው ነበር፤ ባለቤቱ ደግሞ የእንግሊዝ መስፍን ልጅ ነበረች። በ1932 በአንድ ግዙፍ ሙጉሞ ላይ ባለሁለት ክፍል የእንጨት ቤት ሠሩ። ሙጉሞ ከእኛ ሾላና ዋርካ ወገን የሆነ ዛፍ ሲሆን፣ የአካባቢው ሕዝብ የሆኑት ኪኩዩዎች እንደ ቅዱስ የሚያዩትና ከሥሩ ጸሎትና መሥዋዕት ያቀርቡበት የነበረ ነው። መጀመሪያ ላይ ቤቱ ክፍት የሚሆነው ረቡዕ ማታ ብቻ ነበር፤ የአውትስፓን እንግዶች በመሰላል ወጥተው እዚያ ያድራሉ፣ ጠመንጃ የያዘ አዳኝም ይጠብቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ከመጡት ትልልቅ ሕንጻዎች ሁሉ፣ በሐሳቡ ጥራት ይህችን ትንሽ ቤት የሚስተካከል አልተገኘም ብዬ አምናለሁ።

ዝናው የመጣው በአንድ ሌሊት ነው። የእንግሊዟ ልዕልት ኤልሳቤጥና ባለቤቷ ፊሊፕ የካቲት 5 ቀን 1952 ሲጎበኙት፣ ለእነርሱ ሲባል ቤቱ ተጠናክሮ ክፍሎቹ አራት ሆነው ነበር፤ አንደኛዋ ክፍል የአዳኙ ነበረች። በዚያው ሌሊት አባቷ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ በእንቅልፋቸው ላይ እንዳሉ ዐረፉ። በሕንድ ሰው በላ ነብሮችን በማደን የታወቀውና በዕለቱ አብሮ ያደረው ጂም ኮርቤት፣ ልዕልት ሆና ወደ ዛፉ የወጣች ወጣት ንግሥት ሆና እንደወረደች በእንግዶች መዝገብ ላይ ጻፈ። ነገሩ እውነት ቢሆንም ብዙዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ፦ ከዛፉ ስትወርድ ንግሥት መሆኗን አታውቅም ነበር፤ መርዶውን የሰማችው በማግሥቱ ሳጋና በሚገኘው ማረፊያ ከፊሊፕ አፍ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ምዕራፍ የቱሪስት ጽሑፎች ቸኩለው ያልፉታል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዐወጀ፤ የአበርዴር ጫካም መሬታቸውን በነጭ ሰፋሪዎች የተነጠቁ የማው ማው ታጋዮች መሸሸጊያ ሆነ። የዛፍ ላይ ቤቱ ለቅኝ ገዢው ጦር የቅኝት ማማ በሆነበት ወቅት፣ ግንቦት 1954 ታጋዮቹ አቃጠሉት ይባላል። መሪያቸው ዴዳን ኪማዚ በጥቅምት 1956 በዚያው ጫካ ዳርቻ ተይዞ በየካቲት 1957 በስቅላት ተገደለ። ትሪቶፕስ ከኩሬው ማዶ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ እንደገና የተሠራውም በዚሁ በ1957 ነው። ንግሥቲቱ የወጣችበት ዛፍ ይህ ነው ብሎ ለልጁ የሚያሳይ እንግዳ አይቻለሁ፤ ያ ዛፍ ግን ከቤቱ ጋር ከሄደ ቆይቷል።

አዲሱ ሕንጻ እያደገ ሄዶ ክፍሎቹ ከ30 በላይ ሆኑ፣ ንግሥቲቱም በ1983 ተመልሳ ጎበኘችው። ዕድገቱ ያስከፈለው ዋጋ ግን ከበረንዳው ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው። የድሮዎቹ ፎቶግራፎች ቤቱን በጥቅጥቅ ደን ተከቦ ያሳያሉ፤ እኔ ያየሁት ግን በአመዛኙ የተራቆተ ሜዳ ነው። እንግዳ እንዳያዝን ጨው በየጊዜው ይበተናል፣ ጨው ዝሆኖችን ይስባል፣ ዝሆኖችም ለዓመታት ሲመላለሱ ቅርፊት እየላጡና ለጋ ዛፎችን እየሰበሩ ጫካውን አሸሹት። በ2009 ተሠርቶ ያለቀው፣ የአበርዴርን ተራሮች የሚከበው 400 ኪሎ ሜትር ያህል የኤሌክትሪክ አጥር የገበሬውን ማሳ ከአውሬ፣ ደኑንም ከመጥረቢያ ጠብቋል፤ በኩሬው ዙሪያ የጠፋውን ዛፍ ለመመለስ ግን ሌላ ሥራ ይጠይቃል። በዛፍ ስም የሚጠራ ማረፊያ ዛፍ አልባ ሜዳ ላይ መቆሙን ሳስብ፣ በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ ይከፈት የነበረው አሠራር ከስንፍና የመጣ አይመስለኝም።

ያም ሆኖ የሄድሁበት ሌሊት አላስቆጨኝም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ፤ ብርድ ልብስ ደርበን ስንወጣ አሥራ አንድ ዝሆኖች በኩሬው ዳር ቆመው አፈሩን በእግራቸው እየጫሩ ጨው ይለቅማሉ። ከእንግዶቹ አንድም ሰው ድምፅ አላሰማም፣ ከታች የሚሰማው የዝሆኖቹ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ማረፊያው እንግዳ የሚቀበል መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ ወፍራም ሹራብም አይርሳ፣ ምክንያቱም አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሌሊት ይበቃዋል። በማግሥቱ ወደ አውትስፓን ሲመለስ፣ የስካውት መሥራች ባደን ፓወል የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈባትን፣ በኋላም ኮርቤት የኖረባትን ፓክስቱ የተባለች ጎጆ ከቁርስ በኋላ ለማየት ግማሽ ሰዓት ይመድብ፤ ሁለቱም የተቀበሩት እዚያው ኒዬሪ፣ በአንድ መካነ መቃብር ውስጥ ነው።