ቴስታታው ይታደስ ወይስ አዲስ ይገዛ?

ከ2003 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ሞዴል የአሜሪካ ፎርድ ፒክአፖች ላይ ያለው 6.0 ሊትር ፓወር ስትሮክ ናፍጣ ሞተር ጉልበት ሲጨመርለት የሚሸነፈው ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል) ጋ ነው። እያንዳንዱን ሲሊንደር የሚይዙት 4 ብሎኖች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሲጠብቁ የሚለጠጡ ዓይነት ናቸው። የተርቦው ግፊት ሲበዛ ቴስታታው በጥቂቱ ብድግ ይላል። ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ይነፋል፣ የፍንዳታው ጋዝ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ውስጥ ይገባል። የውሃ መያዣው ክዳን ዙሪያ የደረቀ ነጭ ቅሪት ካያችሁ አትዘግዩ።

የድሮውን ማደስ፦ ዋጋው ይቀላል። ስንጥቅ ይፈተሻል፣ ፊቱ ይላጋል፣ በሲሊንደሩ ዙሪያ የብረት ቀለበት ይቀበርበታል፣ ብሎኖቹ በጠንካራ ስተድ (ራስ የሌለው፣ በዳዶ የሚጠብቅ ብሎን) ይተካሉ። ግን በተላገ ቁጥር ብረቱ ይሳሳል። በባልቦላዎቹ (አየር የሚያስገቡና ጭስ የሚያስወጡ መክፈቻዎች) መካከል ከተሰነጠቀ እኔ አልመክርም።

ከሌላ አምራች አዲስ መግዛት፦ ውድ ነው። ጥሩዎቹ የታችኛው ፊታቸው ወፈር ተደርጎ ይሠራል፤ ወፍራም ብረት ደግሞ በቀላሉ አይጎብጥም። ርካሹ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከመክፈላችሁ በፊት የፊቱን ውፍረትና የባልቦላ መቀመጫውን ጥራት ጠይቁ።

ሞተሩ በፋብሪካ ጉልበቱ የሚሠራ፣ ቴስታታውም ያልተሰነጠቀ ከሆነ ማደሱ ይበቃል። ከባድ ተጎታች እየጎተታችሁ ጉልበት የምትጨምሩ ከሆነ አዲሱ ያዋጣል። በሁለቱም መንገድ የዘይት ማቀዝቀዣውን ሳትፈትሹ እንዳትገጥሙ። እሱ ከተደፈነ የጭስ ማቀዝቀዣው (ወደ ሞተሩ ተመልሶ የሚገባውን ጭስ የሚያቀዘቅዘው ክፍል) በቂ ውሃ አያገኝም፤ አዲሱ ጓርኒሲዮንም ብዙ አይቆይላችሁም።