ዘገምተኛ ስክሪን ያለው ስልክ በአዲስ አበባ፦ የወራት አጠቃቀም ግምገማ

ይህን ግምገማ የምጽፈው ሲም ካርዴ ከገባበት ቀን ጀምሮ ከእጄ ስላልወጣና ዓመት ሊሞላው ጥቂት ስለቀረው ስልክ ነው። ስክሪኑ ኢ-ኢንክ ነው፤ ይኸውም በኪንድልና በመሳሰሉት የመጽሐፍ ማንበቢያዎች ላይ የምናውቀው፣ ቀለም የሌለውና ወረቀት የሚመስለው ገጽ ነው። ስፋቱ ስድስት ኢንች ገደማ ሲሆን በአንድ ኢንች 300 ነጥቦች አሉት፤ የሚሠራው በአንድሮይድ 14 ነው፣ ሁለት ሲም ይይዛል፣ ካሜራና የጣት አሻራ ማንበቢያም አለው። የአምራቹን ስም ያላነሣሁት የምናገረው በአብዛኛው ስለ ስክሪኑ ዓይነት እንጂ ስለ አንድ ፋብሪካ ሥራ ስላልሆነ ነው። ይህን መሰል ስክሪን ያለው ሌላ ስልክ የሚገዛ ሰውም የሚገጥመው ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ይህ ስልክ ምንም ነገር አይከለክልም፤ ቴሌግራሙም፣ ዩቲዩቡም፣ ቲክቶኩም ይጫኑበታል። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ዓይን የሚስበውን ሁሉ ማደብዘዝና ማዘግየት ብቻ ነው፤ እኔን ግን ከየትኛውም ክልከላ በላይ የጠቀመኝ ይኸው ማዘግየቱ ነው።

ስልክን ቀለል ለማድረግ የሚደክሙ አምራቾች ሁለት መንገድ ይከተላሉ። የመጀመሪያው በሩን መዝጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ለገዢዎች መድረስ የጀመረው ላይት ፎን 2 ጥሪን፣ አጭር መልእክትን፣ ማንቂያ ደወልን፣ የመንገድ አቅጣጫንና ጥቂት መሰል አገልግሎቶችን በኢ-ኢንክ ስክሪን ላይ ሲያቀርብ፣ የኢንተርኔት ማሰሻም ካሜራም የለውም። የፖላንዱ ሙዲታ ኮምፓክት ደግሞ ኔትወርኩንና ማይክሮፎኑን ጭምር የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ በጎኑ ላይ ተገጥሞለታል። ሁለተኛው መንገድ አንድሮይዱን እንዳለ ትቶ ስክሪኑን ብቻ መለወጥ ሲሆን፣ የቻይናው ሃይሴንስ ኤ5 እና ኤ9 በዚህ ረድፍ ይመደባሉ። እኔ የመረጥኩት ሁለተኛውን ነው።

ምክንያቴ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ክፍያ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከመተግበሪያው ጎን *127# የሚለውን አጭር ቁጥርም ይዞ ስለመጣ፣ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ሰው እንኳ ገንዘብ መላክና መቀበል ይችላል። ራይድም በ8294 ተደውሎ ይጠራል። የአዲስ አበባን ነዋሪ ከዘመናዊ ስልክ ጋር ያሰረው ቴሌግራም ነው። የመሥሪያ ቤት ሰነድ፣ የዕድር ጥሪ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ማስታወቂያ፣ የኮንዶሚኒየም ብሎኩ የውኃ ወረፋ ሳይቀር በዚያው ስለሚመጣ፣ ቴሌግራም የማይጭን ስልክ ባለቤቱን ከጎረቤቱ ጭምር ይለየዋል። በሩን የሚዘጋው ስልክ ለእኔ ያልሆነው ስለዚህ ነው።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ በጎውም ክፉውም የሚመነጨው ከዚያ ነውና። የኢ-ኢንክ ገጽ በፈሳሽ የተሞሉ እጅግ ደቃቅ እንክብሎች የተነጠፉበት ነው። በየእንክብሉ ውስጥ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች ይንሳፈፋሉ፤ ኃይል ሲለቀቅባቸው አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። አንዴ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ምስሉ ያለ ምንም ኤሌክትሪክ ባለበት ይቆያል። ዋጋው ግን ቅንጣቶቹ በአካል መንቀሳቀስ ስላለባቸው ገጽ መቀየር ጊዜ መፍጀቱ ነው፤ ሁሉም በአግባቡ ካልተመለሱ ደግሞ ያለፈው ገጽ ጥላ በአዲሱ ላይ ደብዝዞ ይቀራል።

ይህ ቴክኖሎጂ በስልክ ላይ ሲሞከር የመጀመሪያው አይደለም። ሞቶሮላ እ.ኤ.አ. በ2006 ሞቶፎን ኤፍ3 የተባለ፣ በዝቅተኛ ዋጋ ለታዳጊ አገሮች ገበያ የታሰበ ስልክ በዚሁ ዓይነት ስክሪን አውጥቶ ነበር። የእርሱ ስክሪን እንደ ካልኩሌተር በተከፋፈሉ ሰረዞች የተሠራ ስለነበር ከቁጥር፣ ከላቲን ፊደልና ከጥቂት ምልክቶች በስተቀር የሚያሳየው አልነበረም፤ ፊደላችን ጨርሶ የሚታሰብ አልነበረም። ዛሬ አማርኛን በወረቀት ላይ እንደታተመ አድርጎ የሚያሳይ ስልክ ስይዝ ያን ማስታወሴ አልቀረም።

ንባብ የዚህ ስልክ ዋና ሙያ ነው። በቀትር ፀሐይ ሜክሲኮ ላይ የታክሲ ሰልፍ የያዘ ሰው ሌላውን ስልክ በመዳፉ ጥላ እየጋረደ ሲቸገር፣ ይህኛው ብርሃኑ በበረታ ቁጥር እየጠራ ይሄዳል። ፊደሉ በተረጋጋው የስክሪን ሁነታ፣ ማለትም ገጹ ቀስ ብሎ ግን አጥርቶ በሚሣልበት ቅንብር ላይ፣ እጅግ ጥርት ያለ ነው፤ «ኳ» እና «ቋ» ያለ ጥርጥር ይለያሉ፣ የ«ጨ» እግሮች ይቆጠራሉ። በድረ ገጽ የሚወጣ የአማርኛ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ የሪፖርተር ጋዜጣ ሐተታ፣ ቢረዝምም ዓይን ሳያደክም ይነበባል። በቴሌግራም የሚዘዋወሩት የድሮ መጻሕፍት የፒዲኤፍ ቅጂዎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ብዙዎቹ ገጹ በፎቶ የተነሣባቸው ስለሆኑ ፊደላቸውን ማሳደግ አይቻልም፣ ጠርዛቸውን የሚቆርጥ ማንበቢያ መጫን ግድ ነው። የአዲስ ዘመንን የመሰለ ባለ ብዙ ዓምድ የጋዜጣ ገጽ በስድስት ኢንች ላይ ለማንበብ መሞከር ደግሞ ትዕግሥትን መፈተን ነው፤ አልመክርም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ውዳሴ ማርያም ለመከታተል ግን ተመራጭ ነው፤ በጨለማው ጥግ የአጠገብ ሰው ፊት ላይ አያበራም።

አማርኛ መጻፍ ከሁሉም የከበደኝ ነገር ሲሆን፣ በሌሎች ቋንቋዎች የተጻፉ ግምገማዎች ይህን ሊነግሩን አይችሉም። በስልክ የለመድነው አብዛኛው የአማርኛ ኪቦርድ የግዕዙን ረድፍ ብቻ ይደረድርና፣ አንዱ ፊደል ሲነካ ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያሉትን ዘሮቹን በላይኛው መስመር ያወጣል። «ለ» ሲነካ «ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ» ይመጣሉ፤ «በ» ሲከተል መስመሩ በሙሉ ይቀየራል። በተለመደው ስክሪን ይህ በቅጽበት ስለሚሆን ማንም ልብ አይለውም። በኢ-ኢንክ ላይ ግን ኪቦርዱ በእያንዳንዱ ፊደል ራሱን እንደገና መሣል አለበት፤ አማርኛ ደግሞ ሳድስ የሚበዛበት ቋንቋ በመሆኑ በየቃሉ ማለት ይቻላል ዘሩ እስኪመጣ መጠበቅ ይመጣል። ስክሪኑን ወደ ፈጣኑ ሁነታ ሲያዞሩት ኪቦርዱ ይከተላል፤ ነገር ግን ፈጣኑ ሁነታ የግራጫ ደረጃዎችን ትቶ በጥቁርና በነጭ ነጥቦች ስለሚሠራ ቀጫጭኑ ነገር ይጠፋል። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት በጎን ባለች ትንሽ ጭረት ቦታ ነው፤ ያለፈው ፊደል ጥላ ሲጨመርበት የትኛው እንደሆነ መገመት ይጀመራል። ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝም እንዲሁ ይምታታሉ።

የተገላገልኩት ኪቦርዱን በመለወጥ ነው። በላቲን ቁልፎች ሲጻፍ በድምፁ ወደ ፊደል የሚቀይረው ዓይነት፣ ማለትም «ኤስ» እና «ኢ» ተነክተው «ሰ» የሚሰጠው፣ ቁልፎቹ ከቦታቸው ስለማይንቀሳቀሱ ስክሪኑ የሚያድሰው የተጻፈውን መስመር ብቻ ነው። የተለመደውን አደራደር ለለመደ ጣት ሽግግሩ ከባድ ነው፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ይላመዳል። ረዘም ላለ መልእክት ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ለአማርኛ የጨመረውን በድምፅ የመጻፊያ አገልግሎት እጠቀማለሁ። ሥርዓተ ነጥብ ራሴ መጨመር ቢኖርብኝም ለዚህ ስክሪን እንደ እርሱ የተስማማ መጻፊያ አላገኘሁም። በየቀኑ ብዙ የሚጽፍ ሰው ይህን አንቀጽ ከዋጋውም በላይ ቢመዝነው ይሻላል።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። የባንክና የቴሌብር መተግበሪያዎች ይሠራሉ፤ ኪውአር ኮድ ለማንበብም ካሜራው አላስቸገረም፣ ምንም እንኳ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ምስል ከእጅ እንቅስቃሴ ኋላ የሚጎተት ቢሆንም። ልዩነቱ የሚታየው ቀለም ትርጉም በሚሸከምበት ቦታ ነው። የተሳካ ክፍያ አረንጓዴ፣ የከሸፈ ቀይ ሆኖ የሚቀርብበት መተግበሪያ በዚህ ስክሪን ላይ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ግራጫ ያደርጋቸዋል፤ ስለዚህ ምልክቱን ትቶ ጽሑፉን ማንበብ ልማድ ይሆናል። ሻጮችም የክፍያ ማረጋገጫውን ሳሳያቸው ግራጫውን አይተው ያመነታሉ፤ አንዳንዱ «ይሄ አልገባም እኮ» ብሎ መልእክቱ በራሱ ስልክ እስኪደርሰው ይጠብቃል። ሐሰተኛ ስክሪንሾት በበዛበት ጊዜ ይህ ለሻጩ የሚመከር ጥንቃቄ ስለሆነ ቅር አልተሰኘሁም። የካርታው የመንገድ መጨናነቅ ምልክት ግን ሙሉ በሙሉ ከንቱ ሆኗል፤ ቀዩ መንገድና አረንጓዴው አንድ ናቸው።

ቴሌግራምን ለዚህ ስክሪን ማዘጋጀት ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፣ ውጤቱም ትልቅ ነው። የኃይል ቁጠባ በሚለው የመተግበሪያው ክፍል ገብቶ የሚንቀሳቀሱ ተለጣፊዎችንና ሥዕሎችን ሁሉ ማጥፋት፣ በአንድሮይድ የተደራሽነት ቅንብር ውስጥ እነማዎችን (አኒሜሽኖችን) ማስወገድ፣ ጽሑፉን ማድመቅ፣ ጨለማውን ገጽታ ትቶ ነጩን መያዝ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ውይይቶቹ እንደ ደብዳቤ ይነበባሉ። የማይተካው ፎቶ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶች የሠርግና የክርስትና ፎቶ ሲልኩ የጥልፉ ቀለም፣ የቀሚሱ ጥለት፣ የሕፃኑ የፊት ቅላት ሁሉ ወደ ግራጫ ይወርዳል፤ እኔ እነዚህን ለኮምፒውተር አቆያቸዋለሁ። የቪዲዮ ጥሪም ይቻላል እንጂ አያስደስትም፣ እናቴ ፊቴን ታያለች፣ እኔ ግን የእርሷን ፊት የማየው እየተቆራረጠ ነው።

አጫጭር ቪዲዮዎችን በዚህ ስክሪን ላይ ሳይሞክር የሚተው የለም፤ እኔም ጭኜ አይቻለሁ። ይጫወታሉ፣ ነገር ግን የሚፈስሰው ምስል በነጥብ ተሸፍኖና ጥላ እየተወ ስለሚመጣ፣ ጣት ወደሚቀጥለው የሚገፋበት ምክንያት ያጣል። መተግበሪያውን አልሰረዝኩትም፤ መክፈቱን ተውኩት። ከዚህ በፊት የጊዜ ገደብ የሚጥሉ መተግበሪያዎችን የሞከረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፦ ገደብ በተጣለ ቁጥር ገደቡን ማንሣት ሌላ ጨዋታ ይሆናል፣ እዚህ ግን የሚነሣ ገደብ የለም።

ሰዎች ሲያዩት የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አንድ ነው። የጎረቤታችን እማማ «ልጄ፣ ስክሪኑ ተቃጥሎብህ ነው? መርካቶ ወስደህ አሳየው እንጂ» ብለውኛል፤ በኋላ የፊደሉን መጠን አሳድጌ ዳዊት ስከፍትላቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ረዘም ላለ ጊዜ አነበቡ። ዋጋውን ሲሰሙ ሐሳባቸውን ቀየሩ።

ባትሪውን በተመለከተ ከሚወራው ግማሹን ብቻ ማመን ይገባል። ስክሪኑ ምስል ይዞ ለመቆየት ኃይል ባይፈልግም፣ ኔትወርክ የሚፈልገው ሬዲዮና ፕሮሰሰሩ እንደማንኛውም ስልክ ይበላሉ። የፊት መብራቱን ዝቅ አድርጌ፣ ዳታ ከፍቼ፣ ቴሌግራም እየሠራ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ያስኬደኛል፤ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት የገጠር መንገድ ከዚያ ያነሰ ነው። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ይህ ትርፍ ቀላል አይደለም። የፊት መብራቱ ከቀዝቃዛ ነጭ ወደ ሞቃት ብጫ ስለሚቀየር ሌሊት ለማንበብ ምቹ ነው።

ሥጋቴ ስብራት ነው። የአብዛኛው ኢ-ኢንክ ስክሪን መሠረቱ ቀጭን መስታወት ሲሆን፣ የላይኛው ሽፋን ሳይነካ እንኳ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። መገናኛ አካባቢ ያሉ ጠጋኞችን ጠይቄ መለዋወጫውን የያዘ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ወፍራም ሽፋን አልብሼ ነው የምይዘው፣ በተጨናነቀ አውቶቡስም በኋላ ኪስ አላስቀምጠውም። ፎቶ እያነሣ በቴሌግራም ዕቃ የሚሸጥ፣ ቀኑን ሙሉ ካርታ እየተከተለ የሚነዳ፣ ወይም ሥራው ቪዲዮ የሆነ ሰው ይህን ስልክ ብቸኛ ስልኩ ሊያደርገው አይችልም።

ሊገዛ የቆረጠ ሰው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ሁለት ነገር ያጣራ። ስልኩ የጉግል ፕሌይ ማረጋገጫ ያለው መሆኑን ይጠይቅ፤ ማረጋገጫ በሌለው መሣሪያ ላይ አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎች አይከፈቱም፣ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠሩት ደግሞ ፕሌይ ስቶር ሳይኖራቸው ይመጣሉ። ከውጭ በሰው የሚያስመጣ ከሆነም የሚቀበላቸው የ4ጂ ሞገዶች አዲስ አበባ ላይ ከሚጠቀምበት ኔትወርክ ጋር የሚገጥሙ መሆናቸውን ከሞዴሉ ዝርዝር ላይ ያመሳክር፤ አንድ ስም ያለው ስልክ ለተለያየ ገበያ በተለያየ ሞገድ ሊሠራ ይችላልና፣ ሻጩ የሚሰጠውን መልስ በጽሑፍ ይቀበል።