መጽሐፍ ይዞ ወይስ በባዶ እጅ?

ለአምስት ዓመት ልጆች ተረት ልታቀርብ ነው እንበል። መጽሐፍ ለጀማሪ ይመቻል፤ ሥዕል አለው፣ መርሳት የለም። ግን አንገትህ ይደፋል፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ "አላየንም!" እያሉ ይነሳሉ። ለመኝታ ሰዓት ይሁን።

እኔ ምርጫዬ በቃል ነው። ዝግጅቱ ይከብዳል፣ ቢሆንም መሸምደድ አያስፈልግም (አንዴ ሸምድጄ ገብቼ አንዷ ሕፃን "ጅቡ ስሙ ማነው?" ስትለኝ ሁሉም ነገር ጠፋብኝ)። መነሻውን፣ ሦስት አራት ክስተቶችንና መጨረሻውን ያዝ፣ ለጅቡ ወፍራም፣ ለጦጢት ቀጭን ድምፅ ስጥ፣ በቃ። "ተረት ተረት" ስትል "የላም በረት!" ብለው ጮክ ብለው ሲመልሱልህ፣ ዓይናቸው አንተ ላይ፣ ያንተም እነሱ ላይ ስለሆነ፣ አንዱ ከንፈሩን መንከስ ከጀመረ የጅቡን ድምፅ እዚያው ዝቅ ታደርጋለህ።